ዳፍኒ ወይስ ኮክ? ለቴሲስ የትኛውን ልያዝ ለምትሉኝ

ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ያላችሁ፣ በፎርማል ቬሪፊኬሽን (ፕሮግራም በትክክል እንደሚሠራ በሒሳብ ማረጋገጥ) ላይ ማስተርሳችሁን ልትሠሩ ያሰባችሁ ልጆች ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ሁለት መሣሪያዎች ዳፍኒ ይሻላል ወይስ ኮክ? ዳፍኒ። አድቫይዘራችሁ ኮክ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዋጋውን አስሉ።

«ሁለቱም ነፃ አይደሉም እንዴ?» ለማውረድ አዎ፣ ነፃ ናቸው። ክፍያው በዕድሜ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. እነ ገርዊን ክላይን ኤስኢኤልፎር የተባለውን ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ትክክለኛነት ያረጋገጡት ኢሳቤል በተባለ መሣሪያ ነው፤ እሱም እንደ ኮክ ማረጋገጫውን ደረጃ በደረጃ ከሰው የሚጠብቅ ነው። ለ8,700 መስመር የሲ ኮድ ወደ 200,000 መስመር ማረጋገጫ ጻፉ፤ ለአንዱ መስመር 23 ያህል መሆኑ ነው። የፈጀው ጉልበት ደግሞ የ20 ሰው ዓመት ገደማ። አካፍሉት፦ በአንድ ሰው በዓመት 435 መስመር። ያውም በሙያው ለኖሩ ሰዎች። እናንተ ግን ቋንቋውን ገና ልትማሩ ነው፣ ኮርስም አለባችሁ፣ መብራትም ይጠፋል።

ዳፍኒን ሩስታን ሌይኖ ማይክሮሶፍት ሪሰርች ሳለ ነው ያወጣው። ጃቫ የሚያውቅ ቶሎ ይለምደዋል። ቅድመ ሁኔታውን፣ ውጤቱንና የሉፑን ኢንቫሪያንት (በየዙሩ እውነት ሆኖ የሚቆየውን ነገር) ትጽፋላችሁ፤ አብዛኛውን ማረጋገጫ ዜድ ስሪ የተባለው ሶልቨር፣ ማለትም የሎጂክ ጥያቄ በራሱ የሚፈታ ፕሮግራም፣ ይወጣዋል። በቁጠባና ብድር ማኅበር ሶፍትዌር ውስጥ የአባል ቀሪ ሂሳብ ከዜሮ በታች እንደማይወርድ ለማሳየት ይህ ይበቃል።

ጥገናው ላይ ግን ሁለቱም ያስለቅሳሉ። ዳፍኒ ትናንት ያለፈውን ማረጋገጫ ቨርዥን ስትቀይሩ «ታይም አውት» ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ ኮዱ አልተነካም፣ ሶልቨሩ መንገድ ስቶ ነው። መድኃኒቱ ቴሲሱ እስኪያልቅ አፕዴት አለማድረግ፣ የመጫኛ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ማስቀመጥና ረጅሙን ሌማ (ረዳት ማረጋገጫ) ትንንሽ አድርጎ መቆራረጥ ነው። ኮክ ደግሞ ስም ይቀይርባችኋል። በቆዩ መማሪያዎች ሁሉ ያለው «ኦሜጋ» የሚባለው የሒሳብ ማረጋገጫ ትእዛዝ ከቨርዥን 8.14 ጀምሮ ወጥቷል፤ ምትኩ «ሊያ» ነው። በ2025 ደግሞ መሣሪያው ራሱ ሮክ ተብሏል፤ ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ። በማረጋገጫው ውስጥ የምትነሱባቸውን ሃይፖቴሲሶችም ራሳችሁ ሰይሟቸው፤ እሱ የሰጣቸው ኤች1፣ ኤች2 አንድ መስመር ሲጨመር ይዘበራረቃሉ።

ከሁሉ የባሰው ፎርጅዱ ነው። ከኢንተርኔት የምታወርዱት «የተረጋገጠ» ኮድ ውስጥ ዳፍኒ ከሆነ «አዚዩም»፣ ኮክ ከሆነ «አድሚትድ»፣ ኢሳቤል ከሆነ «ሶሪ» ተሸጉጦ ይገኛል፤ ሦስቱም «ይህን ዝም ብለህ እመን» ማለት ናቸው። ይህን ሳይፈትሹ መጠቀም የደጀን ጤፍ ነው ሲሏችሁ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ እንደ መሸመት ነው። ኮክ ላይ «ፕሪንት አሳምፕሽንስ»፣ ዳፍኒ ላይ «ዳፍኒ ኦዲት» በሉ፤ እንዲሁ የታመነውን ሁሉ ይዘረግፉላችኋል።

የዳፍኒ የራሱ ወጥመድም አለ፤ ኢንቲጀሩ ወሰን የለውም። በ2006 እ.ኤ.አ. ጆሹዋ ብሎክ በጃቫ ላይብረሪ ባይነሪ ሰርች ውስጥ እንዳለ ያሳወቀውን ስህተት አስታውሱ፦ ታችኛውና ላይኛው ኢንዴክስ ሲደመሩ ከ32 ቢት ያልፋሉ። ያንኑ አልጎሪዝም በተራ የዳፍኒ ኢንቲጀር ብትጽፉት በደስታ ያልፋል! «ኒውታይፕ» ብላችሁ ወሰኑን ካላስቀመጣችሁ ያረጋገጣችሁት ሌላ ፕሮግራም ነው። ፈታኞች እዚህ ላይ ቢይዟችሁ ማምለጫ የላችሁም።

ኮክ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ አልክድም። የምታምኑት ከርነል (እዚህ ላይ ማረጋገጫውን የሚፈትሸው የኮክ እምብርት) ትንሽ ነው፤ በዳፍኒ ግን ኮዱን ለሶልቨሩ የሚተረጉመውንም ዜድ ስሪንም ማመን ግድ ነው። ኮምፕሰርት የተባለው የዣቪየር ለርዋ የተረጋገጠ የሲ ኮምፓይለር የተሠራው በኮክ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሲስሚዝ የተባለው መፈተሻ በተለያዩ የሲ ኮምፓይለሮች ላይ ከ325 በላይ ስህተት ሲያወጣ በኮምፕሰርት በተረጋገጠው የመሐል ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ኮድ የሚያወጣ ስህተት አላገኘም። ኮምፓይለር ላይ ፒኤችዲ የምትሠሩ ኮክን ያዙ፣ ጊዜውም አላችሁ። ብቻ ኮምፕሰርት ለምርምር ነው ነፃ የሆነው፤ ለንግድ ፈቃዱን የሚሸጠው አብስኢንት የተባለ ኩባንያ ነውና ምርት ልሠራበት የሚል ካለ ዋጋውን ከወዲሁ ይጠይቅ።