ኮምቦልቻ ያሠራነው ካም፦ የአንድ ወርክሾፕ አገልግሎት ግምገማ

ደሴ በምንሠራበት የዱቄት ማሸጊያ ማሽን ላይ ከረጢቱን የሚገፋው ክንድ፣ ካሙ (እየዞረ በጠርዙ ቅርጽ ክንዱን የሚገፋው ብረት) ተበልቶ ማንኳኳት ስለጀመረ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ ወርክሾፕ ሄድን። የወርክሾፑን ስም የማልጠራው ያየሁበት ጉድለት የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ብረቱ በሚገባ ጠንክሯል፣ የሻፍቱ ቀዳዳ ልኩን ጠብቋል፣ ሥራውም በተቀጠረበት ቀን ደርሷል። ችግሩ ቅርጹ ላይ ነበር። ባለሙያዎቹ የተበላውን ካም ጠርዝ በካሊፐር እየለኩ፣ የክብ ቁራጭን ከቀጥታ መስመር ጋር እያገጣጠሙ ቀረጹት፤ ማሽኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ወይም ክንዱ ምን ያህል እንደሚከብድ የጠየቀን ግን አልነበረም። ቀጥታው ከክቡ የሚገናኝበት ቦታ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም የክንዱ አክሰለሬሽን (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) እዚያ ላይ በድንገት ስለሚዘል፣ ማሽኑ በተነሳ ማግስት ማንኳኳቱ ተመለሰ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሌቱን ራሳችን ይዘን ሄድን። ክንዱ 40 ሚሊ ሜትር የሚገፋው ካሙ 90 ዲግሪ ሲዞር ነው፤ በደቂቃ 60 ዙር ሲሆን ይህ ሩብ ሰከንድ ይወስዳል። ሦስት የካም ኩርባዎችን፣ ማለትም የክንዱን አካሄድ የሚወስኑ የጠርዝ ቅርጾችን፣ አነጻጸርን፤ በዚህ ልክ የሃርሞኒክ ኩርባ ከፍተኛ አክሰለሬሽን 3.2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ፣ የሞዲፋይድ ሳይን 3.5፣ የሳይክሎይዳል ደግሞ 4.0 ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሃርሞኒክን ይመርጣል፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት እንዲሁ ነበር። ነገር ግን ሃርሞኒክ ያንን 3.2 የሚጭነው ልክ ክንዱ ከቆመበት ሲነሳና ሊቆም ሲል ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ከዜሮ ተነሥተው ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። የእኛ ክንድ በሁለቱም ጫፍ ቆሞ የሚጠብቅ በመሆኑ ሃርሞኒክ አይሆነውም።

ከሁለቱ ሞዲፋይድ ሳይንን የመረጥነው ከፍተኛው ጭነት ስለሚያንስ ብቻ ሳይሆን ለቆራጩም ስለሚቀል ነው። በመጀመሪያዎቹ 9 ዲግሪዎች ሳይክሎይዳል ክንዱን የሚገፋው 0.26 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ሞዲፋይድ ሳይን 0.43 ይገፋዋል። እንዲህ ባለ ቀጭን ልክ ላይ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ የተመረጠውን ኩርባ ማጥፋት ስለሆነ፣ ሞረድ እንዳይነካው አጥብቀን ጠየቅን፤ በመጠኑ ቅር ቢላቸውም ተስማሙ። በየግማሽ ዲግሪው የሰጠናቸውን ሰንጠረዥ ተከትለው በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ) ቆረጡት፤ በካሙ ጠርዝ ላይ የሚንከባለለውን የክንዱን ሮለር ዲያሜትር ጠይቀው ማካካሻውን በትክክል ማስገባታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ለሁለተኛው ካም እንደ አዲስ ሥራ ሙሉ ዋጋ ማስከፈላቸው ግን ተገቢ አልመሰለኝም።

ማንኳኳቱ ጠፍቷል። አሁን ማሽኑን ወደ 80 ዙር የማሳደግ ፍላጎት አለ፤ ያኔ አክሰለሬሽኑ ወደ 6.3 ስለሚደርስና ሮለሩን ካሙ ላይ የሚይዘው ሞላ ሊለቀው ስለሚችል፣ መጀመሪያ ጠንከር ያለ ሞላ እናሠራለን። ሞላውንም ለዚያው ወርክሾፕ እንሰጣለን፤ ልኩን ግን ጽፈን ነው የምንሄደው።