የእድር ደብተሬን ገልጣ ላየችልኝ የሕግ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ጅማና አካባቢዋ ላላችሁ፣ በተለይም ያለ ጋብቻ ሰርተፍኬት ለዓመታት ትዳር መሥርታችሁ ስትለያዩ ግራ ለገባችሁ እህቶቼ ነው።

ከልጄ አባት ጋር አዲስ አበባ ከ2008 እስከ 2013 ዓ.ም. እንደ ባልና ሚስት ኖረን ከተለያየን በኋላ ጅማ እናቴ ቤት ተመለስኩ። እሱ ግን አብረን የኖርነው ሁለት ዓመት ብቻ ነው አለ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እንዲህ ባለ ኑሮ የተፈራ ንብረት የጋራ የሚሆነው አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ሲሆን ነውና፣ በ2012 ዓ.ም. ለፍተን የገዛነው ሚኒባስ በእሱ ቃል ብቻ ከእጄ ሊወጣ ነበር።

መጀመሪያ ያማከርኩት ጠበቃ ወረቀቶቼን ሳይገልጥ «ሰርተፍኬት ከሌለሽ ምንም የለሽም» ብሎ አሰናበተኝ። ሌላው ደግሞ እናቴ ተበድራ የሰጠችኝን ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ስልኬን ማንሳት አቆመ፤ የዚያን ጊዜ ምሬት ዛሬም አልለቀቀኝም።

በመጨረሻ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የመክፈል አቅም ለሌላቸው የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰምቼ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ አላጣደፈችኝም። ሳለቅስ ጠበቀችኝ፤ ከዚያም የፌስታሌን ወረቀቶች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በየዓመቱ ለየቻቸው። የቤት ኪራይ ውሉና የልጄ የክትባት ካርድ መካከል ዘይት የነካው የእድር ደብተራችን ወጣ፤ ልጥለው የነበረ ነው። ገልጣ አየችውና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ «እህቴ፣ 2008 መስከረም፤ ስማችሁ እንደ ባልና ሚስት ተመዝግቧል» አለችኝ። ሕጉ ቤተሰብና ጎረቤት እንዴት ያውቃችሁ ነበር ብሎ እንደሚጠይቅ አስረዳችኝ፤ የቀረውን የሕግ ክርክር እኔ አልተረዳሁትም፣ እሷ ግን ክሱን ጻፈችልኝ፣ ምስክር የሚሆኑኝን የእድሩን ዳኛና የቀድሞ አከራያችንንም በስልክ አፈላልጋ አገኘችልኝ።

ፍርድ ቤቱ አብረን የኖርንበት ጊዜ ከሦስት ዓመት በላይ መሆኑን አረጋግጦ ድርሻዬን ወሰነልኝ። አንድ ሳንቲም አልተቀበለችኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት በቀር የምከፍላት የለኝም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ ሂዱ። የእድር ደብተር፣ የኪራይ ውል፣ የልጅ ካርድ፣ ያላችሁን ሁሉ ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ የመክፈል አቅም የሌላችሁ አትፈሩ፣ ሂዱ። እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ሦስተኛው ስኒ ላይ ይህችን ልጅ ሳትመርቅ አትነሣም።