አንድ የበልግ ሳምንት በጭንቻ፦ ዝናብ ሲጥል የሚሠራውና የሚቆመው

ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጣ ሰው ሻንጣውን የሚያዘጋጀው «ክረምት እስኪገባ ዝናብ የለም» ብሎ ነው። ይህ ስሌት ለጋሞ ደጋ አይሠራም። የአካባቢው ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው በልግ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ይመለሳል። እዚህ የተገመገሙት በሚያዝያ ለአንድ ሳምንት ጭንቻና አጠገቧ ባለችው የሸማኔዎች መንደር ዶርዜ ላይ የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች ናቸው። መመዘኛው አንድ ብቻ ነው፦ ዝናቡ ሲጀምር አገልግሎቱ ምን ይሆናል? በደረቅ ጠዋትማ ሁሉም ጥሩ ነው።

መጀመሪያ አየሩን ማወቅ ይበጃል፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። ጭንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። 37 ኪሎ ሜትር ርቃ ከታች የተዘረጋችው አርባ ምንጭ ያለችው 1,285 ሜትር ላይ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ጭንቻ ሲደርስ 9 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይቀበለዋል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ስምጥ ሸለቆውን ሞልቶ ያድራል። ፀሐይ ስትበረታ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ያለው አየር ሞቆ የተራራውን ፊት እየተከተለ ይወጣል፤ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። አርባ ምንጭ ሆኖ ለሚያይ ተራራው ላይ የተቀመጠ ደመና ነው፤ ጭንቻ ላለ ሰው ግን ያው ደመና በበር የሚገባ ጭጋግ ነው።

ሳምንቱ የተዘበራረቀ ቢመስልም መልክ አለው። ከንጋቱ 12 እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ5 ሰዓት በኋላ ደመናው ከታች መውጣት ይጀምራል። 8 ሰዓት ገደማ ዶፉ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ቀን በረዶና ውሽንፍር ይጨምርበታል፤ ሲመሽ ወደ ካፊያ ይለወጣል። ይህ መልክ የሚፈርሰው ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ጠዋቱም ጭጋግ ነው፣ መንገዱም አይታመንም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ የሰሞኑን አዝማሚያ ለመረዳት ጥሩ ነው። ስልክ ላይ ያለው ትንበያ ግን ሰፊ ቦታን በአንድ ላይ ስለሚያሰላ ተራራውንና ሸለቆውን በቅጡ አይለይም። ከእሱ ይልቅ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ወደ ዓባያ አቅጣጫ ማየት ይሻላል። ሐይቁ ከወዲሁ ከተሸፈነ ዝናቡ 8 ሰዓትን አይጠብቅም።

የመጓጓዣው አገልግሎት ጠዋት ጥሩ፣ ከሰዓት በኋላ ደካማ ነው። ከአርባ ምንጭ የሚነሣው ሚኒባስ ሰዓት ሳይሆን ሰው ነው የሚጠብቀው፤ ሲሞላ ይነሣል። ጠዋት ቶሎ ይሞላል። ዝናብ ሲጥል ተሳፋሪ ይቀንሳል፣ ተሳፋሪ ሲቀንስ መኪናው ይቆማል፣ የተገኘውም ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል። ገበያ ቀን ነገሩ ይለወጣል፤ ወደ ጭንቻ የሚወጣው መኪና በሰውና በጭነት ስለሚጨናነቅ ሻንጣ የያዘ ሰው ለሻንጣው የተለየ ሒሳብ እንደሚጠየቅ አውቆ ሳይሳፈር ቢነጋገር ይሻላል። ሻንጣው ጣሪያ ላይ የሚጫን ከሆነ ሸራ መኖሩን ጠይቁ። ሸራ ቢኖርም ልብሱን አስቀድሞ በወፍራም ፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ያዋጣል፤ ውኃው የሚገባው በዚፑ ስፌት በኩል ነውና።

ኮንትራት መኪና ለሚይዝ ሰው ዋጋው ከመቆረጡ በፊት አምስት ደቂቃ ለምርመራ ይበቃል። ጎማውን በጣታችሁ ዳስሱ፦ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ በእርጥብ ዳገት ላይ አይያዝም። የዝናብ መጥረጊያው እንዲሠራ አስደርጉ፤ በመስታወቱ ላይ መስመር እየተወ ከሄደ ላስቲኩ አልቋል። ትርፍ ጎማውና ክሪኩ በዓይን ይታዩ። የመስታወት ማሞቂያው አየር ካልነፋ ጭጋጉ ውስጥ ሹፌሩ በጨርቅ እየጠረገ ነው የሚነዳው፤ ይህንን ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ ጎበዝ ሹፌር በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስያዘ ይወርዳል። ፍሬን ላይ ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ከሆነ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ፔዳሉም ይላላል። ሽታው ከመጣ «ወንድሜ፣ እስቲ ጥግ ይዘህ አቁምና ይቀዝቅዝ» ማለት ነውር የለበትም። ፍሬኑ እስኪበርድ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ጎማና ፍሬን ላይ ግን ውኃ አያፍስሱ፣ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ሌሊቱን ሙሉ ከዘነበ ጉዞውን በግማሽ ቀን ማዘግየት ፍርሃት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ሐምሌ 2016 በአጎራባቹ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል፤ ለእርዳታ የተሰበሰቡትም ዳግም በተናደው አፈር ሥር ቀርተዋል። ከመንገዱ በላይ ያለው ገደል ትኩስ ስንጥቅ ካሳየ፣ ጠጠር እየተንከባለለ ከወረደ ወይም ከዚህ በፊት ውኃ ያልነበረበት ቦታ ድፍርስ ውኃ ካመነጨ እዚያ ቆሞ ፎቶ ማንሣት አይገባም። የተናደውን ለማየት መጠጋት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው።

ማደሪያ። እንግዳ የሚቀበሉት ቤቶች በሁለት ይከፈላሉ፦ የሲሚንቶ ክፍልና የዶርዜ የቀርከሃ ጎጆ። የሲሚንቶው ክፍል የራሱ ሻወር አለው፤ ችግሩ ሁሉም ነገር በመብራት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ነጎድጓድ ሲበረታ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ ውኃው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ልክ ብቻ ይሆናል፣ ቦይለሩም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ክፍል ከመያዝ በፊት ጥያቄው «ሙቅ ውኃ አለ ወይ?» ሳይሆን «ሮቶው ስንት ሊትር ነው? ቦይለሩስ?» ነው። 1,500 ዋት የሚስብ ባለ50 ሊትር ቦይለር የደጋውን ቀዝቃዛ ውኃ ለሻወር ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ዝናቡ 8 ሰዓት ላይ የሚመጣ ከሆነ ቦይለሩን 5 ሰዓት ላይ አብርቶ ከዝናቡ በፊት መታጠብ ነው። ማታ እታጠባለሁ ብሎ ያቆየ ሰው በባልዲ ይቀራል። ያረፍንበት ቤት ይህንን አስቀድሞ አልነገረም፤ ሲጠየቅ ግን አስተናጋጇ እሳት ላይ ውኃ ጥዳ በጄሪካን አመጣች፣ ተጨማሪ ሒሳብም አልተጠየቀም። ለዚህ መስተንግዶ ሙሉ ነጥብ ይገባል።

መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል ስልክና ላፕቶፕ ከሶኬት ተነቅሎ ይጠብቅ፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይቶ መልሶ መሰካት ይቻላል። የአገሩ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የፀጉር ማድረቂያ ላዩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ከሌለው እንደተሰካ ይቃጠላል፤ የሶኬት መቀየሪያው ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ አንድ የአሁን ዘመን ስልክ ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ለአንድ ሰው ለሁለት ቀን መብራት መጥፋት ይበቃል። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ።

ብርድ ሲጠና አንዳንድ ቤት የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ያቀርባል። ከደግነት ነው፤ ሆኖም በር ተዘግቶ በሲሚንቶ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል፣ ተኝቶ ያለ ሰውም ሳይነቃ ይቀራል። አመስግኖ መመለስና ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ ነው።

የዶርዜው ጎጆ በዝናብ ጊዜ ከተጠበቀው በላይ ነው። በቀርከሃ ይሸመናል፣ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ይከደናል፤ አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊቱ ወደ ፊት ወጣ ብሎ በላዩ ሁለት ቀዳዳ ስላለው የዝሆን ራስ ይመስላል። ክዳኑ በጣም የተዳፋ ስለሆነ ዶፉ ሳይቆይ ይወርዳል። ውስጥ የሚነደው እሳት ጭሱ በክዳኑ ውስጥ እየሠረገ ይወጣል፣ ሲወጣም ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ደካማ ጎኑ ከታች ነው። ምስጥ መሬት የነካውን ጫፍ እየበላ ሲሄድ ቤቱ በየዓመቱ ዝቅ ይላል፣ በሩም እንደገና ይቆረጣል፤ ምስጡ ከባሰ ሰፈርተኛው ተጠራርቶ ጎጆውን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ለመኝታ ሲመረጥ የግድግዳውን እግር ማየት ነው። ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ ጠቆር ብሎ ሲነኩት ከረጠበ አልጋው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። የውጭው ቦይ ተቆፍሮ ካልጸዳ ውኃው በዚያው በኩል ይገባል። አስም ያለበት ሰው ግን ጎጆውን ቀን ጎብኝቶ ማታ ሌላ ቦታ ይደር፤ ጭሱ ለዓይንም ለሳንባም ይከብዳል። መጸዳጃው ውጭ ስለሆነ የግንባር ባትሪ ያስፈልጋል፤ አንድ እጅ ለጃንጥላው መቅረት አለበት።

ምግቡ በዝናብ አይሰናከልም። ቆጮ ከጉድጓድ ወጥቶ በምጣድ የሚጋገር ስለሆነ መብራት አይፈልግም፤ ከማርና ከዳጣ ጋር ትኩሱን ሲቀርብ ለብርዱ ከዚህ የተሻለ የለም። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር እንደቀረበ መብላት ነው።

ገንዘብና ኔትወርክ አብረው ነው የሚወድቁት። መብራት ሲጠፋ ኤቲኤሙ ይቆማል። የስልክ ማማው በባትሪ ጥቂት ሰዓት ይቆይና እሱም ይደክማል፤ ያኔ ቴሌብርም አብሮ ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ብቻ ከደከመ *127# ደውሎ ያለ ኢንተርኔት መክፈል ብዙ ጊዜ ይሠራል። ማማው ራሱ ከጠፋ ግን ያለ ጥሬ ብር ሻይ እንኳ አይገኝም። የሦስት ቀን ወጪ አርባ ምንጭ ላይ አውጥቶ መውጣት፣ እሱንም በ50ና በ100 ብር ኖት መዘርዘር ይበጃል። በ200 ብር ለባጃጅ የሚከፍል ሰው መልስ ፍለጋ ዝናብ ውስጥ ይቆማል። ዶላር የመነዘራችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ደግሞ እስክትመለሱ አትጣሉ።

አሁን ወደ ሸማው። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጭንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። በበልግ ገበያው የሚደምቀው ከ4 እስከ 7 ሰዓት ነው፤ ደመናው ሲጠቁር ነጋዴው ሸራውን ይጠቀልላል። ይህች የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ዋጋ የምትቀንስበት ናት፣ ሆኖም ጥራት ለማየት አትመችም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ገልጦ መቁጠር ይቻላል። በቁመት የተዘረጋው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ በወርድ የሚገባው ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ወደ ብርሃን ቢያነሡት ማጉ ወፈር ቀጠን እያለ ይሄዳል። ሁሉም ክር እኩል ቀጭን ከሆነ ማጉም የፋብሪካ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን በእጅ ፈትል ዋጋ መሸጥ የለበትም። ቡልኮ ከዚያም የሚከብድ ነው፤ ለብርድ አገር ክረምት እሱ ይሻላል፣ ሻንጣ ላይ ግን ኪሎው ይታሰብበት። ዋናው ጥንቃቄ እርጥበቱ ነው። በጭጋግ ቀን የተገዛ ጥጥ በእጅ ደረቅ ቢመስልም ውኃ ይዟል፤ እንደዚያው በፌስታል ታሽጎ ለአንድ ሳምንት ከቆየ ነጭ ሻጋታና የማይለቅ ሽታ ይይዛል። አርባ ምንጭ ወርዶ አንድ ሙሉ ጠዋት ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከዚያ በጨርቅ ከረጢት መጠቅለል ነው። ሲታጠብም በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን።

የልብስ እጥበት አገልግሎቱን በበልግ አለመጠቀም ይሻላል። እጥበቱ ጥሩ ነው፣ ማድረቂያው ግን ፀሐይ ናት። ጂንስ ሦስት ቀን ይፈጃል። የግድ ከሆነ ቀጫጭኑን ብቻ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መስጠት።

በመጨረሻው ቀን ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከአርባ ምንጭ በረራ ያለው ሰው በዋዜማው ጠዋት ይውረድ፤ በበረራው ዕለት መንገዱ ላይ አንድ አይሱዙ ከተቀረቀረ ሁሉም ይቆማል። አርባ ምንጭ ላይ ሲያድሩ ጭንቻ ላይ ያልታሰበው ነገር ይመጣል። ደጋው ላይ ወባ አያሰጋም፣ ቆላው ላይ ግን ከዝናብ በኋላ ይበረታል። ክፍሉን ሲቀበሉ አጎበሩን ዘርግቶ ቀዳዳ መኖሩን ማየት፣ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ማስገባት፣ ከተቀደደ ሌላ እንዲያመጡ መጠየቅ። ተመልሳችሁ በሄዳችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ በቅድሚያ የሚነገረው አርባ ምንጭ ማደራችሁ ነው።