ለተጫረ ካኖፒ የቱን እንግዛ? የጋራዥ ኮምፓውንድ፣ የወለል ፖሊሽ ወይስ ከውጭ የሚመጣው ቱቦ

«ካኖፒው ተጫረብኝ፣ ምን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶኛል፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ካኖፒ ስል የአውሮፕላኑን አብራሪ ክፍል የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ክዳን ነው። ባሕር ዳር ሆኖ ሞዴል አውሮፕላን ለሚገጣጥም ሰው በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀትና የመኪና ኮምፓውንድ (ጋራዥ የመኪና ቀለም የሚያንጸባርቅበት ቅባት) ይበቃዋል። ሌላው ወይ ኪስ ያራቁታል፣ ወይ ሥራውን ግማሽ ላይ ይተወዋል።

ዋጋውን እንይ። የብርጭቆ ወረቀቱን ሰሞኑን አንዱን ሉክ በ50 ብር ገዛሁ። 1000፣ 1500 እና 2000 ቁጥር (ቁጥሩ ሲበዛ ወረቀቱ ይደቅቃል) አንዳንድ ሉክ ሲሆን 150 ብር መሆኑ ነው። የደቃቁን ኮምፓውንድ ትንሹን ጣሳ 450 ብር ብለውኝ በ400 ተስማማን። ድምሩ 550 ብር። ለ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ላነሰ) ሞዴል ካኖፒ የምትፈልጉት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቁራጭ ስለሆነ አንድ ሉክ ቶሎ አያልቅም። የጃፓኑ ሞዴል አምራች የታሚያ ኮምፓውንድ ደግሞ ሻካራ፣ ደቃቅና ማጠናቀቂያ ተብሎ በሦስት ዓይነት ነው የሚሸጠው፤ ቱቦው 22 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ለምኜ አንዱን ቱቦ ሳስመጣ 1,800 ብር ወጣብኝ። ጥራቱን አልከራከርም፣ ግሩም ነው። ግን ሦስቱን ለማሟላት ስንት እንደሚሆን አስሉት፤ ያም ሆኖ ወረቀቱን መግዛታችሁ አይቀርም።

አሁን ወደ ጣጣው። ጀርባው ላይ 2000 ተብሎ የታተመበት ሁሉ 2000 አይደለም። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ የሸጠልኝ ሉክ የሱ-27 ተዋጊ ጄት ሞዴሌን ካኖፒ እንደ ድመት ጥፍር ሸነተረው። ልመልስ ብሄድ ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ሁለት ሺህ ተብሎ ተጽፎበታል እኮ፤ እኔ አልጻፍኩት!» ብሎ አሳቀኝም አናደደኝም። ከዚያ ወዲህ ከኪት (ከሚገጣጠመው የሞዴል ካርቶን) የተረፈ ጥርት ያለ የፍሬም ቁራጭ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ዘንግ የተቆረጠ፣ በኪሴ፣ ውሃ በሃይላንድ ይዤ ነው የምሄደው። እዚያው ሱቁ በር ላይ ወረቀቱን አርሼ ቁራጩን ትንሽ ፈተግ አደርገዋለሁ። ላዩ እኩል ጭጋግ ከለበሰ እገዛለሁ። በጭጋጉ መሃል አንድ ሁለት ነጭ ሰረዝ ጎልቶ ከወጣ ሻካራ ቅንጣት ተደባልቆበታል፤ ጣቴ ላይ ጥቁር አሸዋ ካራገፈም እዚያው እተወዋለሁ። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ኮምፓውንዱም ቢሆን ፈተና ያስፈልገዋል። ላምባ ላምባ የሚሸተውን ካኖፒ ላይ እንዳታሳርፉ። የኪት መስታወት ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ያን ስንጥቅ ደግሞ ምንም ፖሊሽ አያጠፋውም። መጀመሪያ የፍሬሙ ቁራጭ ላይ ቀብታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት የፀጉር ያህል መስመር ካያችሁ ጣሳውን ለባጃጅ ፋኖስ አጣቢዎቹ ስጧቸው።

ሱ-27 ወይም ኤፍ-15 የሠራችሁ መሃሉ ላይ ከፊት ወደኋላ የሚሄደውን መስመር ታውቁታላችሁ። ካኖፒው ሆዱ ሰፍቶ ግርጌው ስለሚጠብብ ቅርጹ ከተራ ባለ ሁለት ክፍል ሻጋታ አይወጣም፤ ሻጋታው ሲከፋፈል መጋጠሚያው መስመር ይተዋል። መስመሩን ምላጭ አቁማችሁ ቀስ አድርጋችሁ ፋቁት፣ ከዚያ በ1000 ጀምሩ፤ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር አቅጣጫ ቀይሩ። በ1000 ወደጎን ከፈተጋችሁ በ1500 ወደፊትና ወደኋላ፤ የወደጎኑ ጭረት እስኪጠፋ ወደ 2000 አትለፉ። የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላሽበት፤ ኮምፓውንዱ ሲያንጸባርቀው የተረፈው ጭረት ብቅ ይላል። በመጨረሻ ኮምፓውንዱን በአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ በቀላል እጅ ወልውሉ። «የጥርስ ሳሙና አይበቃም ወይ?» ለምትሉኝ፦ ለመጨረሻው ውልወላ አዎ፣ ለጭረት አይሆንም።

የወለል ፖሊሹ ነገር የተለየ ነው። ሞዴል ሠሪዎች ለዓመታት «ፊውቸር» እያሉ የሚያወሩለት፣ ሲደርቅ ጥርት ያለ ሽፋን የሚሆን አክሪሊክ ፈሳሽ ነው። ካኖፒውን ነክራችሁ ጠብታውን በሶፍት ጫፍ ስትመጥጡት ራሱን አስተካክሎ ይደርቅና ጥቃቅኑን ጭረት ይሸፍናል። እውነተኛ ጥቅሙ የሱፐር ግሉን ጭጋግ መከላከሉ ላይ ነው። የሱፐር ግሉ ትነት ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ በክረምት ጣና ዳር የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን ነጭ አቧራ ሳይጠራው ያገኘዋል። የፖሊሹን ሽፋን ካልወደዳችሁት አሞኒያ ባለው የመስታወት ማጽጃ ይነሳል። የመጋጠሚያ መስመር ግን አይሞላም፣ ማስመጣቱም ውድ ነው። እዚህ «ያው የወለል ነው» ተብሎ የሚሸጠው በጣሳ ያለ ሰም እንዳያታልላችሁ፤ እሱ አክሪሊክ አይደለም፣ ቅባት ብቻ ይተዋል።

ካኖፒው ከተሰነጠቀ ሁሉንም ተዉትና የሃይላንድ ኮዳ አንሱ። የካኖፒውን ቅርጽ ከእንጨት ጠርቡ፣ ኮዳው ውስጥ አስገቡትና በሙቀት ሲኮማተር የእንጨቱን ልክ ይይዛል። ዋጋው ዜሮ ብር። ፕላስቲኩ ግን ሌላ ዓይነት ስለሆነ የኪቱ ማጣበቂያ አይዘውም፤ በነጩ የአናጢ ኮላ አጣብቁት፣ ጭጋግም አያመጣም።

ኮምፓውንዱን ለብቻችሁ አትግዙ። ለሦስት ብትካፈሉት ለአንድ ሰው 133 ብር ገደማ ነው፤ መኪና ቀለም የሚቀባ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ በጠርሙስ ክዳን ሙሉ ለምኑ፣ ለአንድ ካኖፒ ይተርፋል።