ቤኔቪቲ፦ ለገንዘቡ ጎበዝ፣ ለሰዓቱ ጠባቂ ይፈልጋል

ቤኔቪቲ በ2008 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ተመሠረተ። ኩባንያዎች የሠራተኞቻቸውን ልገሳና የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር ነው።

የሚመሰገነው በገንዘብ በኩል ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ወይም በካርድ ይለግሳል፤ ኩባንያው በራሱ ደንብ መሠረት ይጨምርበታል፤ ተቀባዩ ድርጅት ቀድሞ ተጣርቶ ገንዘቡ ይላክለታል። ይህን ሁሉ በኤክሴል ሲያሳድድ የኖረ የሒሳብ ሠራተኛ ጥቅሙን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

የበጎ ፈቃድ ሰዓቱ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የሰጠውን ሰዓት የሚያስገባው ሠራተኛው ራሱ ነው። ኩባንያው በሰዓቱ ልክ ለተቀባዩ ድርጅት የሚለግስ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ገንዘብ ሆነ ማለት ነው፤ ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ለአንድ ሰዓት 25 ዶላር ይሰጣል። ስለዚህ የሚያጸድቅ ሰው ያስፈልጋል። ማጽደቁን ለተቀባዩ ድርጅት ብቻ መተው ግን አያዋጣም፤ ሦስት ሠራተኛ ያለው ማኅበር ለኢሜይል ፋታ ስለሌለው ሰዓቱ ሳይጸድቅ ይከማቻል። የሚሻለው ተራ ግማሽ ቀንን አምኖ መቀበል፣ ከ8 ሰዓት የሚያልፈውን ብቻ በሰው ማስመርመር ነው።

ሲጀመር በብዛት የሚበላሸው የሠራተኞች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከሰው ሀብት ክፍል በየጊዜው ካልታደሰ አዲስ ተቀጣሪ መግባት አይችልም፣ የለቀቀው ደግሞ ስሙ ይቀራል። መጀመሪያ በአንድ ክፍል፣ በ50 ሰው ያህል ይሞከር።

ሶፍትዌሩ የማይነግራችሁም አለ። 40 ሰው የአንድ ማኅበር ግድግዳ ሊቀባ ለ4 ሰዓት ከወጣ ሪፖርቱ 160 ሰዓት ይላል። ሰዎቹን ለመቀበል ማኅበሩ ያጠፋው ቀን፣ ቀለሙና ብሩሹ፣ ተቆጣጣሪው የትም አይገቡም። (ባለፈው ወር ሌላ ኩባንያ የቀባውን ግድግዳ እንደገና መቀባትም እዚያው 160 ሰዓት ውስጥ ይቆጠራል።) ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ማኅበሩን «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ለ10 ሰው አንድ አስተባባሪ መመደብ፣ የዕቃውን ወጪም ኩባንያው መሸፈን አለበት። መልሱ «ሒሳባችንን የሚያስተካክል አንድ ሰው» ከሆነ አርባው ቢሮ ይቆዩ።

ከ100 ሠራተኛ በታች ላለው ኩባንያ አልመክረውም፤ አንድ የመመዝገቢያ ቅጽና አንድ ሰንጠረዥ ይበቁታል። በብዙ አገር ቅርንጫፍ ኖሮት በሠራተኛው ልገሳ ላይ ለሚጨምር ግን ተገቢ ምርጫ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠየቅ፦ ከልገሳው ላይ የሚቆረጥ የአገልግሎት ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሸፍነው፣ ውሉ ሲያልቅ ደግሞ የሰዓትና የልገሳ መዝገቡ በምን ዓይነት ፋይል ተመልሶ እንደሚሰጥ።