ደብተር፣ ክሊኒክ ወይስ ፋርማሲ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ የሚያዋጣው

«የጤና መድን ደብተር ላውጣ ወይስ ብሩን ይዤ ስንታመም የግል ክሊኒክ ልሂድ?» ከጎረቤት፣ ከቅሬ (ከእድር) አባል፣ ከሥራ ባልደረባ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማ መልሱን አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ደመወዝተኛ ላልሆነና ልጆች ላሉት ቤት ደብተሩ ይበልጣል፣ ያውም በብዙ። ክሊኒክ የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። ፋርማሲ በር ላይ ሕመምን ተናግሮ መድኃኒት መግዛት ግን ርካሽ መስሎ ከሁሉም የሚወደድ ነው።

ደብተሩ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት ነው፤ በዓመት አንዴ መዋጮ ተከፍሎ በመንግሥት ጤና ጣቢያና በሪፈር በሆስፒታል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከሙበታል። ከዋጋው እንጀምር። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ ወረዳ እዚሁ አጠገባችን ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። ያኔ በክልላችን አንድ የገጠር አባወራ የሚያዋጣው በዓመት 144 ብር ነበር። አሁን ብዙ እጥፍ ጨምሯል፣ ሰው የሚያማርረውም ስለዚህ ነው። ምሬቱ ይገባኛል፤ በአንዴ ከኪስ ሲወጣ ይከብዳል። ግን ክፍያው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ቤት መሆኑን አትርሱ። አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይጠቃለላሉ። ከ18 ያለፈና አብሯችሁ የሚኖር ካለ ተጨማሪ ይከፈልለታል። እኛ ቤት ዘንድሮ የወጣው ለዓመት በዓል ከምንገዛው በግ ዋጋ ሩቡን አይሞላም።

አሁን ከክሊኒክ ጋር እናስተያየው። ኮምቦልቻ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ፣ ክረምቱ እንደወጣ ትንሹ ልጇ አተኮሰው። ደብተር አልነበራትም፤ ሰፈሯ ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰደችው። ደረሰኞቹን አብረን ደምረናቸዋል። ካርድ 200 ብር። ላብራቶሪ 850 ብር። ሰባት ቀን የሚወጋ ሴፍትሪያክሶን የሚባል የጀርም ማጥፊያ መርፌ፣ የአንዱ ቀን 180 ብር፣ በጠቅላላው 1,260 ብር። መርፌውን ለመውጋት በቀን 50 ብር፣ 350 ብር። ድምሩ 2,660 ብር ነው፤ የባጃጅ አልተቆጠረም። የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ «ዊዳል 1፡160» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎ ሁለቴ ተከብቧል። «ታይፎይድ ነው» ተባለች።

መርፌው ተጀምሮም ልጁ ማታ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ጣቱን ወግተው ደም አዩለት፤ ወባ ነበር። የወባ ክኒን ጀምሮ በቀናት ውስጥ መብላት ጀመረ። ቀድማ የከፈለችው ብር ግን እዚያው ቀረ።

ይህን የማነሳው ክሊኒክ ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ያላቸውን አውቃለሁ። ነገር ግን «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መርፌ ያልተወጋ ሰው ያለበት ቤት በኛ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ራሱን አይደለም፤ ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን ነገር ነው። ያ ነገር ደግሞ ከድሮ ሕመም ተርፎ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ በሌላ ትኩሳትም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንዴ ብቻ የተሠራ ዊዳል ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ይበልጥ የሚታመነው ከደሙ ጀርሙን ራሱን አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው። ሴፍትሪያክሶንም ቀላል መድኃኒት አይደለም፤ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ የሚድንበት ነው። ያለ ምክንያት በተወጋ ቁጥር ጀርሙ ይላመደዋል፤ እውነት ባስፈለገ ቀን አይሠራም። ኮምቦልቻና ቆላ ያላችሁ፣ ያተኮሰው ሰው የወባ ምርመራ ሳይደረግለት የመርፌ ገንዘብ አትክፈሉ። «የወባው ውጤት የታለ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የደብተሩን ችግርም አልደብቅም። ጠዋት ሄዳችሁ ሰልፍ ትጠብቃላችሁ። ሐኪሙ ያዘዘው አምስት መድኃኒት ሆኖ ሁለቱ «ውጪ ግዙ» ሊባል ይችላል። ላብራቶሪው ኬሚካል አልቆበት ትመለሱ ይሆናል። በ2014 ጦርነት የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ በአካባቢያችን የሕክምና አገልግሎቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ሁላችንም አይተናል። ደብተር ይዞ ከኪሱ መድኃኒት የገዛ ሰው «ታዲያ ለምን ከፈልኩ?» ቢል አይፈረድበትም።

መፍትሔው ግን ደብተሩን መጣል አይደለም። መድኃኒት ከሌለ ዝም ብላችሁ አትውጡ። እዚያው የጤና መድን ክፍል ጠይቁ፤ የመድኑ ጽሕፈት ቤት ውል የገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት ካለ በደብተሩ ትወስዳላችሁ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማህተም ይመታበት፣ ከኪሳችሁ ከገዛችሁም ደረሰኙን አስቀምጡ። ያለ ማህተም የሄደ ሰው ሲከራከር ውሎ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ። ሪፈርም እንዲሁ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፉ በቀጥታ ደሴ ሆስፒታል ወይም ለቆዳና ለዐይን ቦሩ ሜዳ ብትሄዱ ክፍያው ወደ ራሳችሁ ይመጣል። ድንገተኛ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ደም የሚፈሰው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ከያዛችሁ፣ ሪፈር ፍለጋ አትዙሩ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ደብተሩ ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ግፊትና ስኳር ላለበት ቤት ነው። እናቴ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ከፋርማሲ ስንገዛ በወር 400 ብር ይወጣ ነበር፤ በዓመት 4,800 ብር። የካርድና የመለኪያው አልገባበትም። አሁን በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትለካለች፣ ክኒኗን ተቀብላ ትመለሳለች። የሷ የሦስት ወር መድኃኒት ብቻ የቤታችንን የዓመት መዋጮ ሊሸፍን ምንም አልቀረው። ግፊት ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ሌላ ሒሳብ አትሥሩ።

ክሊኒክ የሚሻለው መቼ ነው? ማታ ልጅ ሲታመምና ቅርብ ያለው እሱ ሲሆን። የመንግሥቱ አልትራሳውንድ ተበላሽቶ ቀን ሲቆጠር። አንድ የታወቀ ስፔሻሊስት ከሥራ ሰዓት ውጪ እዚያ ሲያይ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ መድኑ ስለማይሸፍናቸው ያው ከኪስ ናቸው። ስትሄዱ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፤ ደረሰኝና የውጤት ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ። ወረቀቱ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ስትሄዱ ሐኪሙ ከዚያ ይቀጥላል።

ፋርማሲውን በአጭሩ። አሞክሳሲሊን ግማሽ ገዝቶ፣ ሲሻል አቁሞ፣ ቀሪውን ለሌላ ልጅ ማስቀመጥ ብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነው። ሳል ሳይለቅ ይቆይና ወር አልፎ ቲቢ ሆኖ ይገኛል። ቲቢ ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም መድኃኒቱም ነፃ ነው! በኮንትሮባንድ የገባ መድኃኒትም አለ። ካርቶን የሌለው፣ የሚያበቃበት ቀን የተፋቀ፣ ወይም ከእሽጉ ሲቆረጥ ቀኑ የተጻፈበት ጫፍ ሻጩ ጋ የሚቀር ከሆነ አትቀበሉ። አምስት ብር ቀነሰላችሁ ብላችሁ ልጅ አፍ ውስጥ አታስገቡት።

ደብተር ኖራችሁም አልኖራችሁም በነፃ የምታገኙትን ደግሞ ለማንም አትክፈሉ፦ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና። ለእርግዝና ክትትል በየወሩ ክሊኒክ ስትከፍል የነበረች፣ ጉሊት እየቸረቸረች የምትኖር ጎረቤት ነበረችኝ። ጤና ጣቢያ በነፃ መሆኑን የነገራት አንድ ሰው አልነበረም።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካ ለምትሠሩ፣ ይህ መድን የተዘጋጀው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ስለሆነ የናንተ ጉዳይ ይለያል። በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰባችሁ ግን የሕክምና ወጪውን የመሸፈን ግዴታ የአሠሪው ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተደንግጓል። እጁን ማሽን የያዘው ልጅ ከራሱ ደመወዝ ሲታከም አትዩ፤ ጉዳቱ በዕለቱ በጽሑፍ እንዲመዘገብ አድርጉ።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ከወለጋ ተፈናቅላችሁም ሆነ ከሳዑዲ ተመልሳችሁ ቤት ለተከራያችሁ፦ «እኛ የዚህ ሰው ስላልሆንን አይመለከተንም» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ይመለከታችኋል። የምትኖሩበት ቀበሌ ሂዱና ስለ ጤና መድን ምዝገባ ጠይቁ። መሸኛ ከሌላችሁ በምን ማስረጃ መመዝገብ እንደምትችሉ እንዲነግሯችሁ አድርጉ፤ አከራያችሁን ወይም የቅሬውን ዳኛ ለምስክርነት ይዛችሁ ሂዱ። መዋጮውን መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌው ተለይቶ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ልየታው ሲካሄድ ስማችሁ እንዲነሳ ቀድማችሁ ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ንገሯት። ቤት ለቤት የምትዞረው እሷ ስለሆነች ማን ቤት ምን እንዳለ ታውቃለች።

ምዝገባውና ዕድሳቱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ካለፈ እስከሚቀጥለው ዓመት ትጠብቃላችሁ። ስትሄዱ የቤተሰቡን አባላት ሁሉ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተወለደውን ሕፃን ጨምሮ ሁሉም ስማቸው ደብተሩ ላይ መስፈሩን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ስሙ ያልሰፈረ ልጅ በታመመ ቀን ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ይመለሳል።