ብልቃጡን ሳታዩ ብር አትክፈሉ

ውሻ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ትንሽ ከተማ የምትኖሩ፣ ይህቺን ሳታነቡ አትለፉ። እኔ 3,500 ብር ከፍዬ መርፌ ገዛሁ። ክትባት የገዛሁ መስሎኝ ነበር።

ቡችላችን ቡቺ ቤታችን ሲገባ 45 ቀኑ ነበር። ልጆቹ አቅፈውት ነው ያደሩት። በማግስቱ ከተማችን ውስጥ ወዳለች አንዲት የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ስሟን አልጠራም። ነጭ ጋውን የለበሰ ዶክተር ተቀበለኝ። «ፓኬጅ አለን» አለኝ። የፓርቮና የዲስተምፐር (ሁለቱም ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው)፣ የእብድ ውሻ ክትባት፣ የትላትል መድኃኒት፣ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍያ። ጓዳ ገባና ሁለት የተሞሉ ሲሪንጆች ይዞ ወጣ። የአንገቱን ቆዳ ሳብ አድርጎ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ «ሁሉም ተሰጥቷል» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት።

«በቃ እህቴ፣ እስከ ዓመት አትመጪም» አለኝ።

ለእኔ ለሰነፏ ከዚህ የሚጥም ቃል አልነበረም። ደረሰኝ እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ሦስት ወሩን እንደያዘ ምግብ እምቢ አለ። ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ። ሽታውን አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ወደዚያው ክሊኒክ ሮጥኩ። ሌላው ዶክተር ነበር ተረኛው። «አንጀቱ ተቆጥቶ ነው» ብሎ መርፌ ወጋው፣ 600 ብር። በማግስቱም መርፌ፣ 600 ብር። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስቱም ቀን ግሉኮስ አልተሰቀለለትም። ምርመራ የሚባል ነገር አልተነሳም። ቡቺ ግን ውኃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልረጋለት ብሎ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

በአራተኛው ቀን ኮንትራት ታክሲ ይዤ ቢሾፍቱ ወሰድኩት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው ያለው፤ የሚያክም ሆስፒታልም አለው። የተቀበለችኝ ሐኪም ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስቲከሩስ?»

የምን ስቲከር? ያኔ ነው የገባኝ። ትክክለኛ የውሻ ክትባት ብልቃጥ ላይ ተላጥቶ የሚነሳ ትንሽ ወረቀት አለ። የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ሐኪሙ ልጦ ካርዱ ላይ ይለጥፈዋል። የእኔ ካርድ ላይ ያለው እስክሪብቶና ማኅተም ነው። ማኅተም መርካቶ ይቀረጻል።

የባሰው ደግሞ ክትባቱ እውነተኛ ቢሆን ኖሮም ብዙም አይጠቅመውም ነበር። ቡችላ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው መከላከያ ለተወሰኑ ሳምንታት ደሙ ውስጥ ይቆያል። እሱ እያለ የሚሰጥ ክትባት ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ይከሽፋል። መከላከያው መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ የፓርቮና የዲስተምፐሩ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ይጀመርና በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው። የእብድ ውሻው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ቀደም ብሎ የተወጋም ያኔ ይደገምለታል፣ ከዓመት በኋላም እንደገና። በ45 ቀኑ «ሁሉም አለቀ» ያላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ አያገባውም።

ቡቺን የያዘው ፓርቮ ነበር። ፓርቮን በቀጥታ የሚገድል መድኃኒት የለም። ውሻውን የሚያተርፈው ፈሳሽ ነው። የወጣውን በግሉኮስ እየተኩ፣ ማስመለሱን እያስታገሱ፣ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይጨመር እየጠበቁ ሰውነቱ እስኪያሸንፍ ማቆየት። ሦስት ቀን ያለ ፈሳሽ መቆየቱ ነው ቡቺን የጎዳው። ቢሾፍቱ ሁለት ሌሊት ታገሉለት። በሁለተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል ሞተ።

ይህን የምጽፈው ግን ለቡቺ ብቻ ብዬ አይደለም። እንቅልፍ የነሳኝ የእብድ ውሻው ጉዳይ ነው። ካርዱ «ተሰጥቷል» ይላል። ልጆቼ ፊታቸውን ሲያስልሱ፣ እጃቸውን ሲያስነክሱ ከርመዋል። ቡቺ አንዱን ጎረቤት ቢቦጭረው ምን እል ነበር? «ግድ የለም፣ የተከተበ ነው» እል ነበር። ሰውየውም አምኖኝ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሐሰት ካርድ ካለመከተብ ይብሳል የምለው ለዚህ ነው። ያልተከተበ ውሻ ያለው ሰው ቢያንስ ይፈራል።

በነገራችን ላይ፣ ካርድ ኖረም አልኖረም፣ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻውን ቸኩላችሁ አትግደሉት። ማሰር ከተቻለ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ውሻው ከሞተም አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ብዙ ሰው ፓስተር የሚለው፣ ይመረምራል።

ካርዱን ይዤ ወደ ክሊኒኳ ተመለስኩ። ዶክተሩ መጀመሪያ ሳቅ አለ። «ለውሻ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለኝ። ከዚያ «ፓርቮ የተከተበም ይይዘዋል» አለ። ሊያጋጥም ይችላል፣ አልካድኩም። «እሺ፣ ፍሪጁን ክፈትልኝ» አልኩት። ምን እንደነካው እንጃ፣ ከፈተው። በሩ ላይ ብልቃጦች፣ ከሥራቸው ሁለት ለስላሳ፣ መሐል ላይ የምሳ ዕቃ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። እነዚህ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለባቸው። መሞቅ ያበላሻቸዋል፤ የእብድ ውሻውን መቀዝቀዝ ከበረታበትም፣ በረዶ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ያበላሸዋል። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር የለም። ጄኔሬተር የለም። መብራት እንዴት እንደሚመላለስ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። ብሬን ስጠይቀው «አገልግሎት ተሰጥቷል» አለኝ። አልመለሰልኝም።

ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። አገራችን የከብት አገር ናት። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ብዙ ልምዳቸው ላም፣ በግና ዶሮ ላይ ነው። ላም በማዋለድ እጁ የተፈታ ሰው ቡችላ ሲያመጡለት ቢቸገር አይፈረድበትም። ነውሩ «ይሄን አልችልም፣ ቢሾፍቱ ውሰጂው» አለማለቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢለኝ ኖሮ ቡቺ ዕድል ነበረው።

አሁን እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ገና ስገባ ክትባቱ የት እንደሚቀመጥ እጠይቃለሁ፤ የተቆጣ ሰው ካለ ውሻዬን ይዤ እወጣለሁ። ከጓዳ ተሞልቶ የሚመጣ ሲሪንጅ አልቀበልም። የፓርቮና የዲስተምፐሩ ክትባት ሥሩ ላይ የደረቀ ዱቄት ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ፈሳሽ በሌላ ብልቃጥ ይመጣል። ዓይናችሁ እያየ ነው መበጥበጥ ያለበት። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ አይከርምም፣ ወዲያው መወጋት አለበት። ቀኑን አንብቡ። ስቲከሩ ተለጥፎ ካላያችሁ ብሩ ከኪሳችሁ አይውጣ። ደረሰኝ ደግሞ ጠይቁ፣ እኔ ባለመጠየቄ ነው አቤቱታዬ አየር ላይ የቀረው። ባዶውን ብልቃጥ በስልክ ፎቶ ማንሳትም አያሳፍርም።

ሌላ ውሻ ገና አላመጣሁም። ልጆቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል። የፓርቮ ቫይረስ ግቢ ውስጥ ዓመትም ሊቆይ ይችላል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም። ሲሚንቶውንና የውኃ መጠጫውን መጀመሪያ አጥቤ በውኃ በተበጠበጠ በረኪና አሽቻቸዋለሁ። አፈሩን ግን ምን ላድርገው? መኝታውን አቃጥዬዋለሁ።

ጎረቤቴ አባባም ውሻቸውን በዚያው ሳምንት እዚያው ነበር ያስከተቡት። ካርዳቸውን አምጥተው አሳዩኝ። እስክሪብቶ፣ ማኅተም፣ «ሁሉም ተሰጥቷል»። የእሳቸው ውሻ ደህና ነው፣ በር ላይ ተኝቶ መንገደኛ ላይ ይጮኻል። ቅዳሜ አብረን ቢሾፍቱ ልንወስደው ነው፣ የእብድ ውሻውን እንደ አዲስ ሊከተብ። እናንተም ካርዳችሁን አሁን ከመሳቢያ አውጡና እዩት።